እሸቱን ለማን? የጅማ ቡና አምራች የገበያ በሩን የሚመርጥበት ንጽጽር

ጥቅምት ሲጋመስ ስልኬ እረፍት የለውም። ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ ኮሳ፣ አንዳንዴም ከጌራ ዘመድ ወዳጅ ይደውላል፤ ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፤ «ዘንድሮ እሸቱን ለማን ልስጥ?» እሸት የሚሉት ከዛፍ የተለቀመውን፣ ገና ያልደረቀውን የቡና ፍሬ ነው።

አምና አጎቴ የደወሉልኝ ከመግሪብ በኋላ ነበር። ሁለት ማዳበሪያ ቀይ እሸት አስለቅመው ደጃፍ ላይ አቁመዋል። ከሰፈሩ በታች ያለው የግል ቡና ማጠቢያ ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኪሎ አራት ብር አብልጦ፣ ያውም እጅ በእጅ ሊከፍላቸው ዝግጁ ነው። ማኅበሩ ደግሞ «ብድራችን አልተለቀቀም፣ ከነገ ወዲያ ይምጡ» ብሏቸዋል። የተለቀመ እሸት ከነገ ወዲያ ድረስ አይቆይም። ማዳበሪያው ውስጥ እንዳለ ይሞቃል፣ ይቦካል።

«ጋሼ፣ ማኅበሩ የአምናውን ሁለተኛ ክፍያ ሰጥቷችኋል?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉና፣ «እሱን እንኳ ሂሳቡ አልተዘጋም ነው የሚሉን» አሉኝ።

ከአራቱ ብር ይልቅ ብዙ የነገረችኝ ያቺ መልስ ናት። እኔ ራሴ በአንድ የቡና ማኅበር ውስጥ ለሦስት ዓመት የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ሆኜ ሠርቻለሁ። ያ ማኅበር ጥሩ መሬት ላይ የተተከለ፣ ውኃ ያለው፣ መንገድ ያለው ማጠቢያ ነበረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ለአባላቱ አንዲት ሳንቲም አልከፈለም። ገንዘቡን የበላው አንድ ሌባ አልነበረም። በየቀኑ ያልተጻፈው እሸት፣ ሳይመረመር የከረመው ሚዛን፣ በሰዓቱ ሳይፈለፈል ያደረው ቡና፣ በየዓመቱ የሚገፋው ኦዲት ተደማምሮ ነው የበላው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ስለ ቡና ዋጋ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ስለ አስተዳደር እጠይቀዋለሁ።

አራቱ በሮች

በጅማ ዙሪያ ያለ አንድ ሄክታር ወይም ከዚያ ያነሰ ቡና ያለው ቤተሰብ ምርቱን የሚያወጣባቸው በሮች አራት ናቸው። ቀይ እሸቱን ለግል ማጠቢያ መሸጥ አንዱ ነው። ሁለተኛው ለመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ማስረከብና ትርፍ ክፍፍሉን፣ ሁለተኛ ክፍያ የሚባለውን፣ መጠበቅ ነው። ሦስተኛው አያቶቻችን የሚያውቁት መንገድ ነው፤ በቤት አድርቆ ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን ቡና) ለሰብሳቢ ወይም ለአቅራቢ መሸጥ። አራተኛው ከላኪ ጋር በቀጥታ ትስስር መግባት ወይም ራስን ችሎ ላኪ መሆን ነው፤ ይህ የጥቂቶች በር ስለሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ።

አራቱን ከማነጻጸር በፊት ግን ዋጋው ራሱ ከየት እንደሚመጣ መነጋገር ይኖርብናል። የዋጋውን ምንጭ ያላወቀ ሰው በጥሩ ዓመት መጥፎ ማኅበርን ያመሰግናል፤ በክፉ ዓመት ደግሞ ጎበዙን ማኅበር ጥሎ ይወጣል።

ከላይ የሚመጣው

ጅማ ፖሊሲ ገበያን እንዴት እንደሚሠራ ከብዙ ሰው ቀድማ ያየች ከተማ ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር (ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት) ለምኒልክ ገብረው ሀገራቸውን ከጦርነት ስላተረፉ የሂርማታ ገበያ ደራ። ነጋዴ ሰላም ወዳለበት ይሄዳል። በደርግ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒውን አየን፤ ገበሬው በኮታ ለመንግሥት ኮርፖሬሽን እንዲያስረክብ ሲደረግ ለቡናው የሚደክምበት ምክንያት አጣ። ቡናውን ነቅሎ በቆሎ የተከለ፣ ጫት የተከለ ሰው የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ።

በ2001 ዓ.ም. ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተከሰተ። መልካሙ፣ ዋጋ በይፋ መታወቁና አቅራቢው ገንዘቡን በማግሥቱ ማግኘቱ ነው። ከዚያ በፊት ላኪ ቡና ወስዶ ወራት ሙሉ ሳይከፍል መቅረቱ የተለመደ ነበር፤ አቅራቢው ያልተከፈለው ገንዘብ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚጎድለው ከገበሬው ነው። ጉዳቱ፣ ቡናው መጋዘን ሲገባ ስሙን ማጣቱ ነው። የአንድ ቀበሌ ቡና ከሌላው ጋር በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ ተቀላቀለ። በጥንቃቄ ያደረቀም፣ መሬት ላይ ያሰጣም አንድ ስም ያዙ። ለጅማ ይህ ይበልጥ ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም ዓለም የጅማን ቡና ያወቀው «ጅማ 5» በሚል የአምስተኛ ደረጃ ደረቅ ቡና ስም ነው። ሊሙ በታጠበ ቡናው የራሱ ክብር ነበረው፤ የተቀረው ግን በርካሽ የሚቀላቀል ነበር። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና (ማኅበራት ተሰባስበው የሚያቋቁሟቸው) ትልልቅ አምራቾች ብቻ ከዚህ ሥርዓት ውጪ በቀጥታ መላክ ይችሉ ስለነበር፣ በማኅበር መደራጀት ስምን የማዳኛ መንገድ ሆነ።

የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ይህን ፈታው። ቡና ከየት እንደመጣ እየታወቀ እንዲሸጥ፣ አምራች በቀጥታ እንዲልክ፣ አቅራቢና ላኪ በትስስር እንዲሠሩ በር ከፈተ። ዛሬ ከሰፈራችሁ ማጠቢያ በር ላይ ሁለት ሦስት ገዢ ሲሻማ የምታዩት የዚህ ለውጥ ፍሬ ነው።

ሌላው ብዙ ገበሬ የማይነገረው ጉዳይ የዶላር ነገር ነው። ለብዙ ዓመታት አንዳንድ ላኪዎች ቡናን ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝተው በኪሳራ ይልኩ ነበር። የፈለጉት ዶላሩን ነው፤ ኪሳራውን ከውጭ በሚያስገቡት ብረትና ተሽከርካሪ ያካክሱታል። ለገበሬው ጊዜያዊ ሲሳይ ነበር፤ ሥራቸውን በቡና ብቻ ለሚመሩ ላኪዎችና ለማኅበራት ግን መፎካከሪያ የሌለው ውድድር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ያ ስሌት ተለወጠ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት የዓለም ገበያ ዋጋም በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በ2017 በጀት ዓመት ሀገሪቱ ከቡና ያገኘችው ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በልጧል።

እንግዲህ ባለፉት ሁለት ዓመታት ማኅበራችሁ ጥሩ ከከፈላችሁ ወዲያው አታጨብጭቡ። ያን ዓመት ሁሉም ከፍሏል። መጠየቅ ያለበት፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዝናብ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ማኅበር ስንት ከፈለ የሚለው ነው። ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው፤ ፖሊሲው ለሁለቱም አንድ ነውና።

ከታች የሚሠራው

የዚህ ትልቁ ማስረጃ ከጅማ ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአጋሮ ዙሪያ አለ። ዱሮሚና የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ሲመሠረት አባላቱ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ደረቅ ቡና በርካሽ የሚሸጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአፍሪካ ቡናዎች በተወዳደሩበት የቅምሻ ውድድር ከአህጉሩ አንደኛ ወጣ። ዛፉ አልተቀየረም። ቡና ከተተከለ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በሁለት ዓመት የተለወጠው ዛፉ ሊሆን አይችልም። የተለወጠው አሠራሩ ነው። ቀይ እሸት ብቻ ይቀበላሉ፣ በለቀሙበት ቀን ይፈለፍላሉ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያደርቃሉ፣ ሂሳብ ይይዛሉ። ውኃ የሚቆጥብ መፈልፈያ ገዙ፣ በብድር ገዙ፣ ብድሩንም ከፈሉ። እነዚህን ማኅበራት ያሠለጠነው ቴክኖሰርቭ የተባለ ድርጅት ነው፤ እንደ እኔ እይታ ከማሽኑ ይልቅ ያስተማራቸው የመዝገብ አያያዝ ይበልጣል።

ይህ የጅማ ብቻ እውነት አይደለም። በህንድ ሙምባይ አካባቢ ባሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ላይ ተመራማሪዎች ሙከራ አድርገው ነበር። ለተመረጡት ፋብሪካዎች አዲስ ማሽን አልሰጡም። ብልሽትን በየቀኑ መመዝገብ፣ መጋዘንን በሥርዓት መያዝ፣ የማን ሥራ የማን እንደሆነ መለየት አስተማሯቸው። በአንደኛው ዓመት ብቻ ምርታማነታቸው 17 በመቶ ጨመረ። እኛም ሀገር ካይዘን ብለን በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የለጠፍነው ነገር ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ቀርቷል ወይስ ሚዛኑ ጋ ደርሷል የሚለው ላይ ነው።

(የዛፉንም ነገር ካነሳን፣ እሱም የፖሊሲ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ሀገራችን ገብቶ ቡናውን ማጥቆር ሲጀምር፣ ከጅማ ከተማ አጠገብ ያለው የመልኮ ምርምር ማዕከል ከጫካ ውስጥ በሽታ የሚቋቋሙ ዛፎችን እየለቀመ አወጣ። ጓሯችሁ ያለው 74110 ወይም 74112 ከሆነ፣ ያ 74 ቁጥር እናት ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት ይነግራችኋል። አንድ ጥሩ ውሳኔ ከ50 ዓመት በኋላም ፍሬ ይሰጣል።)

የግል ማጠቢያ

የግል ማጠቢያን ማማት ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ባለቤቱ የራሱን ገንዘብ ስላፈሰሰ ማሽኑ ሲቆም ማታውኑ መካኒክ ይጠራል። እሸታችሁን ሌሊትም ቢሆን ይቀበላል። ክፍያው እጅ በእጅ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባ፣ ሰው ሆስፒታል የተኛበት ቤተሰብ ይህን በር ቢመርጥ ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

የሚጎድለው ሁለት ነገር ነው። ዋጋ ከፍ ሲል የሚያተርፈው እሱ ነው፤ እናንተ የተከፈላችሁት ያኔ ነው፣ አለቀ። ደግሞም ዛሬ አራት ብር የጨመረው፣ ማኅበሩ የተዳከመ ዕለት ያንኑ አራት ብር መልሶ ይቀንሳል። እኔ ራሴ ያየሁት ነው። በአንድ ቀበሌ ማኅበሩ ማጠቢያውን በዘጋበት ዓመት፣ የቀሩት ገዢዎች በሳምንት ውስጥ ዋጋ አስማምተው ዝቅ አደረጉ። ስለዚህ ለግል የምትሸጡትም ብትሆኑ በአካባቢያችሁ ጤነኛ ማኅበር መኖሩ ኪሳችሁን ይመለከታል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ በነሐሴ ገንዘብ ተቀብላችሁ በጥቅምት በተቆረጠ ዋጋ ለማስረከብ አትዋዋሉ። ክረምቱ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የምግብ እጥረቱ የሚጠናው፣ የልጆች ደብተር የሚገዛው በዚያ ጊዜ ነው። ያ ብድር ግን አራጣ ነው፤ ስሙን ስለቀየረ አራጣነቱ አይቀርም። የቁጠባና ብድር ማኅበር በቀበሌያችሁ ካለ አስቀድማችሁ አባል ሁኑ።

ማኅበሩ፦ ከመግባታችሁ በፊት የምታዩት

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሁሉም በር ብዙ የሚሰጠውም፣ ብዙ የሚጎዳውም ይህ ነው።

ማኅበር በመርሁ የተለየ ነው። በሕጉ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፣ ሃያ ዕጣ ያለውም አንድ ዕጣ ያለውም እኩል ነው። የበላይ ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው። ከትርፉ ለመጠባበቂያ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው አባሉ ባቀረበው ቡናና ባለው ዕጣ ልክ ይከፋፈላል። ማኅበሩ ቡናውን በዩኒየን በኩል ይልካል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ከትርፉ 70 በመቶውን ለአባል ማኅበራት መመለስን መርሁ አድርጎ የሠራ ነው፤ በአጋሮ ደግሞ ከታ ሙዱጋ ዩኒየን አለ። መርሁ ጥሩ ነው። ነገር ግን ማኅበር ማለት የሁሉም ንብረት ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ጠባቂ ካልተመደበለት የማንም አይሆንም።

በመጀመሪያ ኦዲቱን ጠይቁ። «ኦዲት ተደርጓል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ወይም «በሂደት ላይ ነው» ነው። «የመጨረሻው ኦዲት ለጠቅላላ ጉባኤ የተነበበው በየትኛው ወር ነው?» በሉ። ከሁለት ዓመት በላይ ካለፈው፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም እሸታችሁን በሙሉ አትስጡ። በእኔ ማኅበር የተዘጋ ሂሳብ ባለመኖሩ ባንኩ ብድር ያዘገይብን ነበር። ብድር ሲዘገይ ጥቅምት ላይ ገንዘብ የለም። ገንዘብ ሲጠፋ የመጀመሪያው፣ ምርጡ እሸት ወደ ግል ይሄዳል። ማኅበሩ ኅዳር መጨረሻ ላይ የቀረውን፣ ግማሹ አረንጓዴ የሆነውን ይለቅማል። ከዚያ የሚወጣው ቡና ደረጃው ይወርዳል፣ ትርፍ ይጠፋል፣ ትርፍ ስለሌለም አባሉ ይሸሻል። አንድ ያልተዘጋ መዝገብ ይህን ሁሉ ያስከትላል። አጎቴ ሂሳቡ አልተዘጋም ሲሉኝ ከነገ ወዲያ ይምጡ የተባሉበትን ምክንያት ያወቅሁት በዚህ ነው።

ቀጥሎ ሚዛኑን ተመልከቱ። የራሳችሁን ክብደት በጤና ጣቢያው ሚዛን ተመዝናችሁ እወቁና፣ እሸት ስታስረክቡ የማኅበሩ ሚዛን ላይ ውጡበት። የሚያፍር ሰው ካለ ያፍር። ደረሰኙ በስማችሁ፣ በኪሎ፣ በቀኑ መጻፉን አረጋግጡ። ሁለተኛ ክፍያ የሚሰላው ከዚያ ደረሰኝ ነው፤ «አውቅሃለሁ፣ ደብተሬ ላይ አለ» የሚል ሰው ደብተሩ በጠፋ ቀን አያውቃችሁም።

ከዚያ በምሽት ሂዱ። በሁለት ሰዓት ገደማ ማሽኑ ይሠራል ወይ? ቀን የገባው እሸት እዚያው ሌሊት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል፣ በኋላ የትኛውም እጥበት አያስተካክለውም። ፍሬው መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ተጨምሮ ተንሳፋፊው ይለያል ወይ? አልጋዎቹ ላይ ሴቶቹ ቁጭ ብለው ይለቅማሉ ወይስ ቡናው ብቻውን ተኝቷል? ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ይሸፈናል? እነዚህን ለማየት ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ በልጅነቱ ቡና ያሰጣ ሁሉ ያያቸዋል።

በመጨረሻ ሰዎቹን። ሊቀ መንበሩ ስንት ጊዜ ተመርጧል? ገንዘብ ያዡና ሂሳብ ሹሙ የተለያዩ ሰዎች ናቸው? የቁጥጥር ኮሚቴው የሥራ አመራሩ ዘመድ ነው? ሴቶች ጉባኤው ላይ ይናገራሉ? ይህን የመጨረሻውን ለደንቡ ብዬ አልጨመርኩትም። ቡናውን የሚለቅሙትና የሚለዩት ሴቶች ናቸው፤ የት ላይ ኪሎ እንደሚጎድል ከኮሚቴው በፊት የሚያውቁትም እነሱ ናቸው።

ስሌቱንም እንሥራ። ለምሳሌ ያህል ግል ማጠቢያው በኪሎ 64 ብር፣ ማኅበሩ 60 ብር ቢከፍል፣ 1000 ኪሎ እሸት ያለው ሰው ዛሬ 4000 ብር ያጣል። ማኅበሩ በሰኔ በኪሎ 8 ብር ሁለተኛ ክፍያ ቢሰጥ 8000 ብር ያገኛል፤ ከእጁ የሚቀረው ትርፍ 4000 ነው። ይህ ትርፍ ስምንት ወር ለመጠበቅ ይበቃል ወይ የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ። ሁለተኛው ክፍያ ግን የተስፋ ቁጥር ስለሆነ፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የተከፈለውን ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉና ያንን ተጠቀሙ። አንዱ ዓመት ዜሮ ከሆነ ዜሮውንም ጨምሩት።

በቤት ማድረቅ

ይህን በር ብዙ ባለሙያ ይንቀዋል፤ እኔ አልንቀውም። ጀንፈል የገበሬው ባንክ ነው። ጥሩ ሆኖ የደረቀ ቡና ጎተራ ውስጥ ወራት ይቆያል፤ ትንሣኤ ሲደርስ ወይም ረመዳን ሲገባ አንድ ማዳበሪያ አውጥቶ መሸጥ ይቻላል። በባንክ ያለ ብር ዋጋው ሲረክስ ባየንበት ዓመት ጀንፈል የያዘ ሰው አልተጎዳም።

አንድ ኪሎ ጀንፈል ከ2 ተኩል እስከ 3 ኪሎ እሸት ይፈልጋል። እሸት በኪሎ 60 ብር ቢሆን፣ ጀንፈሉ በኪሎ ከ150 እስከ 180 ብር ካላወጣ የለፋችሁበት የሦስት ሳምንት ፀሐይና ጉልበት በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ሰብሳቢ ሲመጣ ይህችን ስሌት በቃላችሁ ያዙ። ዋጋውን በፈረሱላ ከነገራችሁም ለ17 አካፍላችሁ ወደ ኪሎ አምጡት፤ በፈረሱላ የሚነገር ቁጥር ትልቅ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያታልላል።

የሚያስቸግረው የጅማ ሰማይ ነው። ኅዳር ላይ ሳይታሰብ ይዘንባል። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና አንድ ሌሊት ከረጠበ ሻጋታውና የአፈር ሽታው አይለቀውም፤ «ጅማ 5» የተባልነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከቀርከሃና ከሽቦ አልጋ መሥራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አልጋ ከሌላችሁ፣ የሚያገላብጥ ልጅ ከሌላችሁ፣ በዚህ በር ብዙ አትግቡ።

ትስስርና ቀጥታ መላክ

ይህ ለሰፊ መሬትና ለጥርት ያለ ወረቀት የሚሆን ነው። ፈቃድ፣ ማከማቻ፣ ናሙና፣ የውጭ ገዢ፣ የባንክ ሂደት ይጠይቃል፤ አንድ ኮንቴይነር ለመሙላት እንኳ የብዙ ቤተሰብ ቡና ያስፈልጋል። ብቻችሁን አትሞክሩት። ከላኪ ጋር ትስስር የሚገባ ማኅበር ወይም ማጠቢያ ካለ ግን ውሉን ጠይቃችሁ አንብቡ፤ ዋጋው በምን ይቆረጣል፣ ክፍያው በስንት ቀን ይገባል፣ ላኪው ቢያፈርስ ምን ይሆናል?

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ አዲስ ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። ተፈጻሚነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም አልቀረም። ገዢው የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ በካርታ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። ለበለጤ ጌራ ጫካ ዳርና ለመሰል አካባቢዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰብሳቢ መንገድ ላይ የገዛው ጀንፈል የማን ማሳ እንደሆነ ማንም አያውቀውም። ማሳችሁን የመዘገበላችሁ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ማኅበሩም ይሁን የግሉ፣ ስማችሁንና ማሳችሁን በመዝገቡ የያዘ በር ወደፊት ዋጋ ይኖረዋል።

እኔ ብሆን

ሁሉንም እንቁላል በአንድ ቅርጫት የሚል ሰው አይደለሁም። ማኅበሩ ኦዲቱን ለጉባኤ ካነበበ፣ ደረሰኝ ከቆረጠ፣ ሌሊት ከፈለፈለ፣ ቀይ እሸቴን ሁለት ሦስተኛውን ለእሱ እሰጣለሁ፤ የግሉ ጥቂት ብር ቢጨምርም። የመጨረሻውን ለቀማ፣ ከዛፉ ላይ የደረቀውንና ቅልቅሉን፣ በአልጋ አድርቄ ለክፉ ቀን አስቀምጣለሁ። ማኅበሩ እነዚያን ካላሟላ፣ ያለ ጸጸት ለግሉ እሸጣለሁ። አባልነቴን ግን አልተውም፤ ጥር ላይ ወይም ጉባኤው በተጠራ ቀን ሄጄ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ማኅበር የሚበላሸው ሌባ ስላለበት ብቻ አይደለም፤ ጥሩ ሰዎች ተቀይመው ስለሚወጡም ነው።

አጎቴም ያን ምሽት ሁለቱን ማዳበሪያ ለግሉ ሸጡ። ትክክል ነበሩ፤ እሸቱ አያድርም ነበር። ከዚያ ግን ጉባኤው በተጠራ ጊዜ ሄደው ኦዲቱ የት ደረሰ ብለው ጠየቁ። ሰው ዝም አለ፤ እሳቸውም ደግመው ጠየቁ። ከኋላ ያሉ ሴቶች ተነሡ። በሰኔ ኦዲተር መጣ።

ዘንድሮ በመስከረም ደወሉልኝ። እሸቱን ለማን ልስጥ አላሉኝም። «ሦስት ገጽ ወረቀት ማኅበሩ በር ላይ ለጥፈዋል፤ የልጁ ስልክ ፎቶ አንሥቶታል፣ ልላክልህና እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ።